የበዓል ድርሰትና የጸሐፊው ዕረፍት

ክረምቱ ወጥቶ ዘመን በተለወጠ ቍጥር፣ ስለ አዲሱ ዓመት የተገጠመ ግጥም ሳይዝ የሚወጣ ጋዜጣ ወይም መጽሔት እምብዛም አይገኝም። ልማዱ መልካም ነው፤ ሕዝብ በዓሉን በመብልና በመጠጥ ብቻ ሳይወሰን በቃልም ማክበሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ዳሩ ግን የአንዱን ዓመት ግጥም ከሌላው ዓመት ግጥም ጋር ጐን ለጐን አድርጎ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሰማዩ ጠርቷል ይባላል፤ ጭጋጉ ተገፏል ይባላል፤ አደይ አበባ ሜዳውን አልብሳዋለች፣ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፣ ስለዚህም ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይባልና ግጥሙ ይዘጋል። የደራሲው ስም ተሸፍኖ ቢነበብ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ዓመተ ምሕረቱም ተፍቆ ቢነበብ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ለመለየት አይቻልም። በውስጡ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ቤቱም ይመታል፤ ነገር ግን በዓይኑ ያየውን የሚናገር ሰው ድምፅ አይሰማበትም።

የዚህ ነገር ምክንያት ሩቅ አይደለም። በመስከረም 1 ቀን የሚነበበው ጽሑፍ ተለቅሞና ታርሞ ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ደግሞ ደመናው ገና አልተገለጠም፤ የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ አደይ አበባም ገና ቅጠልና እንቡጥ ናት። ስለዚህ ግጥሙን የሚጽፈው ሰው ውሃ የሚንጠባጠብ ጃንጥላውን በደጃፍ አስደግፎ፣ የራሰ ጫማውን አውልቆ፣ ስለ ፀሐይ ምስጋና ያቀርባል። የሚያመሰግንበትን አበባ አላየውም። አበባው ፈክቶ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ ደግሞ፣ ስለ መስቀል በዓል እንዲጽፍ ታዞ በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይገኛል። እንዲህ እያለ ከቅዱስ ዮሐንስ ወደ መስቀል፣ ከመስቀል ወደ ልደት፣ ከልደት ወደ ጥምቀት፣ ከጥምቀት ወደ ትንሣኤ ይተላለፋል። በዓሉን ለሌላው ሰው ሁሉ ሲያደምቅ ይከርማል፤ እርሱ ራሱ ግን አንዱንም በዓል ሳያከብር ዓመቱ ይዞርበታል።

እንግዲህ የበዓል ግጥም ደካማነት የቃላት ድኽነት ተብሎ ብቻ ቢነቀፍ፣ ነቀፌታው ከሥሩ አይደርስም። በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ የተነገረው የአሥሩ ለምጻሞች ታሪክ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። ዘጠኙ ሳይመለሱ በመቅረታቸው እስከ ዛሬ ሲነቀፉ ይኖራሉ፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን አስተውሎ ለሚያነብ፣ ዘጠኙ ወደ ክፉ ሥራ አልሄዱም። ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ታዘው ስለ ነበረ፣ ወደ ታዘዙበት ስፍራ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ሥራ ይዘው ነበር። አንዱ ግን መንጻቱን ባየ ጊዜ መንገዱን አቋርጦ ተመለሰ። ወንጌላዊው ማየቱን አስቀድሞ፣ መመለሱንም አስከትሎ፣ ማመስገኑን በመጨረሻ መጻፉ ያለ ነገር አይደለም። ከአንዱ በዓል ጽሑፍ ወደሚቀጥለው በዓል ጽሑፍ የሚጣደፈው ደራሲ ከዘጠኙ እንደ አንዱ ነው፤ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ በደል አይገኝበትም፤ ለመመለስ ግን ጊዜ አላገኘም።

በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይህን ነገር ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው መጽሐፍ ማኅሌተ ጽጌ ነው። መጽሐፉ በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተደረሰ ሲሆን፣ ደራሲው አባ ጽጌ ብርሃን፣ በሌላ ስማቸው ጽጌ ድንግል ናቸው። በየዓመቱ የአበባው ወራት ሲደርስ፣ ከደብረ ሐንታው ከአባ ገብረ ማርያም ጋር ተገናኝተው በአንድነት ያመሰግኑ እንደ ነበረ በሊቃውንቱ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ሁሉም እንደሚያውቀው መጽሐፉ የሚባልበት ዘመን ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያለው 40 ቀን ነው፤ በማግስቱ በኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ይከተላል። ማኅሌቱን በየዓመቱ ቆመው የሚያደርሱት ካህናት ይህን ሁሉ እንደ ስማቸው ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ድርሰቱ በድርሰትነቱ ሲመረመር የሚገኝበት ብልሃት ነው።

አስቀድሞ ዘመኑን መመልከት ይገባል። ማኅሌተ ጽጌ አበባ ገና መፈንዳት በሚጀምርበት በመስከረም 1 ቀን አይጀመርም። 25 ቀን ይታገሣል። የክረምቱ ዘመን ጨርሶ እስኪወጣ፣ አበባውም በሜዳና በተራራ ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ዝም ይላል፤ ምስጋናውም የሚነሣው የሚመሰገንበት ነገር በዓይን ፊት ከቆመ በኋላ ነው። በነሐሴ ስለ አደይ አበባ ከሚጽፈው ከዛሬው ደራሲ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትዕግሥት ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። አንባቢ የመጽሐፉን ስም ሰምቶ የአበባ ውዳሴ ብቻ የሚያገኝ ይመስለዋል፤ አበባውስ በርግጥ አለ፤ እመቤታችንም ልጇም በአበባና በፍሬ ተመስለው ይወደሳሉ፤ ተአምራቷም እየተጠቀሰ ይነገራል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሥር የሚሄደው ታሪክ የስደት ታሪክ ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድለው በፈለገ ጊዜ፣ እናቲቱ ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሸሿ፣ በምድረ በዳ መራቧና መጠማቷ፣ በባዕድ አገር ማደሪያ ማጣቷ ይታሰባል። ሌሊቱን ከእርሱ ጋር የሚባለው ሰቆቃወ ድንግልም ከስሙ ጀምሮ ልቅሶ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር ከሁሉ የሚያምረው ወራት፣ እሸቱ ሊደርስ ጥቂት የቀረበት፣ ከብቱም ሣር የጠገበበት ዘመን፣ ዕረፍት ያጣች አንዲት እናት የምትታሰብበት ሆነ። ብዙ ምእመናንም ይህን ዘመን በፈቃዳቸው ይጾሙታል። አበባና ጾም፣ ጥጋብና ስደት በአንድ ድርሰት ውስጥ መገናኘታቸው መጽሐፉን ከተራ የወቅት ግጥም ይለየዋል። ደራሲው አበባውን ባየ ጊዜ ደስታው ኀዘኑን አላስረሳውም፤ ይልቁንም አበባው መንገደኛይቱን አሳሰበው። ሜዳው እንዲህ ሲያምር፣ እርሷ የሄደችበት ምድር አሸዋ መሆኑን አስታወሰ።

የዛሬው የበዓል ግጥም ያጣው ይህን ነው። ስለ ጠራው ሰማይ ሲያመሰግን፣ ክረምቱ ማንን እንደ ወሰደ አያነሣም። በሐምሌ ወንዝ የሞላባቸው መንገደኞች፣ እህል ያለቀባቸው ቤቶች፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲያዛውሩ ያደሩ እናቶች በመስከረም ግጥም ውስጥ ስፍራ የላቸውም። ክረምት በግጥሙ ውስጥ የሚገባው ጨለማ ተብሎ በአንድ ቃል ለመባረር ብቻ ነው። ሰው ግን ክረምቱን በውኑ ካላሰበው፣ መውጣቱን እንደ ስጦታ ሊቀበለው አይችልም።

ስለ ማኅሌተ ጽጌ አሠራርም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። መጽሐፉ 150 ያህል አርኬ አለው፤ እያንዳንዱም አርኬ በአንድ ፊደል የሚመታ 5 ቤት ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት አይባልም፤ በዘመኑ ውስጥ ላሉት 5 ወይም 6 እሑዶች እየተመረጠ ይከፈላል። አንዱ አርኬ ሲባል መቋሚያ ይዘረጋል፣ ጸናጽል ይንሿሿል፣ ከበሮ ይመታል፤ በመካከሉም ዚቅ ይገባል። በወረቀት ላይ በአንድ እስትንፋስ የሚነበበው አምስት ቤት በማኅሌት ላይ ረዥም ጊዜ ይፈጃል። ይህን ዓይነት ንባብ እያሰበ የሚደርስ ደራሲ ቃሉን መቈጠብ አለበት፤ ሰሚው በአንዱ ቃል ላይ ብዙ ስለሚቆይ፣ ያ ቃል መቆሚያ የሚሆን ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ለጋዜጣ የሚጻፈው ግጥም በተቃራኒው ዓይን ሮጦበት እንዲያልፍ የተሠራ ነው፤ ቢቆሙበት ይሰበራል።

እውነቱን ለመናገር፣ በማኅሌተ ጽጌም ውስጥ ሁሉም አርኬ እኩል አይደለም። ተአምር ለመጥቀስ ብቻ የገቡ፣ ታሪኩን አስቀድሞ ለማያውቅ ሰው የማይገለጡ አርኬዎች አሉ። በአንዳንዶቹም የአበባው ምሳሌ ተደጋግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። 150 ጊዜ ስለ አበባ የሚናገር ሰው አንዳንድ ጊዜ ቢደክመው አያስደንቅም። ነገር ግን በአንዱ አርኬ የደከመው ደራሲ በሚቀጥለው ተነሥቶ ይገኛል። ምናልባት የሁለቱ ወዳጆች ነገር እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል። ሲነገር የኖረው እንደ ተነገረ ከተወሰደ፣ አባ ገብረ ማርያም ከሩቅ ደብራቸው የሚመጡት መጽሐፍ ለማስጨረስ አልነበረም፤ ወራቱን ከወዳጃቸው ጋር በምስጋና ለማሳለፍ ነበር። ምስጋናው አስቀድሞ ነበረ፤ ድርሰቱ ከምስጋናው ወጣ። በዓል ለጸሐፊ መገናኛ ሲሆንለትና መክፈያ ሲሆንበት ያለው ልዩነት በቃሉ ላይ ይታወቃል።

የቅኔ ቤት ሥርዓትም ለዚህ ምስክር ነው። ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንቱ ቤት መወድስ ድረስ፣ በበዓል ቀን የሚቀርበው ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ ወይም ያለፈውን ዓመት ቅኔ አምጥቶ ማቅረብ ነውር ነው። ብዙዎች ይህን የችሎታ መፈተኛ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ሕጉ ባለቅኔውን ሌላም ነገር ያስገድደዋል፤ የዘንድሮውን በዓል ዘንድሮ እንዲያየው ያደርገዋል። ተማሪውም ቅኔ የሚቈጥረው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ነው። ደበሎውን ተከናንቦ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ተማሪ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሥራ ፈት ይለው ይሆናል፤ መምህሩ ግን እንዲህ አይሉትም። ያ ዝምታ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ዕረፍት በኢትዮጵያ ታሪክ እንደ ተራ ነገር ታይቶ አያውቅም። የቀዳሚት ሰንበት ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሰዎች ለብዙ ዘመን ለያይቶ ኖሮ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት ቀዳሚትም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ንጉሡ ራሳቸው በመጽሐፈ ብርሃን ስለ ሰንበት ክብር በሰፊው ጽፈዋል። የመንግሥትን ሥራ ሁሉ የተሸከመ ሰው ስለ ዕረፍት መጽሐፍ መጻፉ ያስገርማል፤ ወይም ምናልባት ሊያስገርም አይገባም። በኦሪት ዘፍጥረትም ቢሆን ሰባተኛው ቀን የመጣው ሥራው ሁሉ መልካም መሆኑ ከታየ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የከተማው ጸሐፊ መልስ ይኖረዋል። መነኮሳቱ በገዳም ሳሉ ጊዜያቸው የራሳቸው ነበረ፤ የዛሬው ጸሐፊ ግን በብዕሩ የሚተዳደር፣ ቤተ ሰብ ያለው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው፤ በዓል ሲመጣ ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ብዕሩን ላሳርፍ ቢል በጉን ማን ይገዛለታል? ይህ መልስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ በበዓል ድርሰት ይተዳደር የነበረ፣ በዚሁም ነገር ሁለቱንም ዕጣ የቀመሰ አንድ የውጭ አገር ደራሲ ማየት ይጠቅማል። እርሱም እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ ነው።

ዲከንስ የገና መዝሙር የተባለውን ትንሽ መጽሐፍ የጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ነው። ብር አስፈልጎት ነበር፤ አምስተኛ ልጁም ሊወለድ ተቃርቦ ነበር፤ በየወሩ በክፍል በክፍል የሚያወጣውም ሌላ ልብ ወለድ ነበረው። ሆኖም በዚያው ዓመት በለንደን የድኾች ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ሄዶ አይቶ፣ ያየው ነገር ልቡን ነክቶት ነበር። ሌሊት ሌሊት በለንደን ጐዳናዎች ረዥም መንገድ በእግሩ እየሄደ ታሪኩን ያወጣና ያወርድ ነበር። በስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ ጨረሰው፤ መጽሐፉም በታኅሣሥ ወር በእነርሱ አቈጣጠር በ19ኛው ቀን ወጥቶ፣ ለገና ዋዜማ 6,000 ቅጂ ተሸጦ አለቀ። 1,000 ፓውንድ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ሲያደርግ መጀመሪያ የደረሰው ግን 230 ፓውንድ ብቻ ነበረ። ስስታሙ ስክሩጅ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ የሚታይበት ይህ ታሪክ ጥድፊያ ቢኖርበትም ያየ ሰው የጻፈው ነው፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከዚያ ወዲያ ግን ሕዝቡ በየዓመቱ የገና መጽሐፍ ይጠብቅ ጀመር። በ1844፣ በ1845፣ በ1846 ዓ.ም. ተከታትለው ወጡ። አንዱ ስለ ደወሎች፣ አንዱ በምድጃ ዳር ስለምትጮኽ ፌንጣ የሚናገር ነበረ። በ1846 ዓ.ም. የተጻፈው የሕይወት ጦርነት የሚባለው መጽሐፍ ከሁሉ የደከመ ነው። ደራሲው በስዊስ አገር ተቀምጦ ያን መጽሐፍ ሲጽፍ ጨርሶ ሊተወው እንደ ነበረ ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ጽፎለታል። አንባቢም ይህ ሳይነገረው ድካሙን ከገጹ ላይ ያገኘዋል። በዓሉ ለደራሲው የዕዳ ቀን ሆኖበት ነበር።

በ1847 ዓ.ም. ዲከንስ የገና መጽሐፍ አላወጣም። ዶምቢና ልጁ የተባለው ትልቁ ልብ ወለድ ስለ ያዘው፣ የጀመረውን የገና ታሪክ ወደ ጐን አኖረው። ይህ ሙሉ ዕረፍት አልነበረም፤ በሌላው ሥራ ላይ ነበረና። ነገር ግን ገቢው እንደሚቀርበት እያወቀ አንድ የገና በዓል ያለ ገና መጽሐፍ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ ታሪኩም አንድ ዓመት ተኛ። በ1848 ዓ.ም. ሲወጣ፣ መንፈስ የሚያስጨንቀው ሰው ተብሎ ሊተረጐም የሚችል ስም ያለው ይህ መጽሐፍ ስለ ምን እንደ ተጻፈ ማየት ያስፈልጋል፤ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር የሚያገናኘው ነገር እዚህ ላይ አለና።

ሬድሎው የሚባል የኬሚስትሪ መምህር አለ። በደልና ኀዘን የበዛበት ሰው ነው፤ በገና ዋዜማ ብቻውን በእሳት ዳር ተቀምጦ ያለፈውን ያስባል። የራሱን መልክ የያዘ መንፈስ ይመጣና ኀዘኑን ሁሉ የሚረሳበትን ስጦታ ይሰጠዋል። ስጦታው ግን ከእርሱ አልፎ የሚቀርበውን ሰው ሁሉ የሚይዝ ሆነ። ሬድሎው በሄደበት ቤት ሁሉ ሰዎች ያለፈ ችግራቸውን ይረሳሉ፤ ከዚያም ርኅራኄያቸው ይጠፋል፤ ምስጋናቸውም ይጠፋል። በድኽነት ተዋደው ይኖሩ የነበሩት ባልና ሚስት መነጫነጭ ይጀምራሉ። 87 ዓመት የሆነው፣ የልጅነቱን ገና ሳይቀር እያስታወሰ ያመሰግን የነበረው ሽማግሌ የልጁ መታመም እንኳ የማይገደው ሰው ይሆናል። ስጦታው ያልለወጠው አንድ የጐዳና ልጅ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚረሳው ነገር ስለሌለው ነው፤ ከቶ ደግነት ያደረገለት ሰው የለምና የሚያስታውሰው በጎ ነገር አልነበረውም።

መጽሐፉ ጕድለት አለበት። የነገሩን ሁሉ ፍቺ በአንዲት ደግ ሴት እጅ አድርጎ ሲጨርስ፣ ማር በማር ላይ ይጨምራል፤ መንፈሱም ከሚገባው በላይ ይናገራል። የጐዳናው ልጅ ግን ዲከንስ ከፈጠራቸው ሁሉ አስፈሪው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አሳቡም ጥልቅ ነው። ኀዘን ሲረሳ ምስጋና አብሮ ይሞታል፤ ሁለቱ የሚበቅሉት ከአንድ መሬት ነው። የሕይወት ጦርነትን በግድ ከጨረሰበት ዓመት ማግስት ይህን ሊጽፍ ባልቻለም ነበር። በሃይማኖት ሥርዓት፣ በቋንቋ፣ በዘመን ከአባ ጽጌ ብርሃን እጅግ የራቀው ይህ ሰው፣ በለንደን ጭስ መካከል ሆኖ እነርሱ በአበባ መካከል ካገኙት ነገር ደረሰ። በበዓል ቀን የሚቀርብ ምስጋና ስደቱን ከረሳ ባዶ መሆኑን ሁለቱም አይተዋል፤ ያዩትም ነገሩ እስኪበስል ከቆዩ በኋላ ነው።

ዲከንስ ይህን ትምህርት ለራሱ ጠብቆታል ማለት አይቻልም። የገና መጽሐፎቹን በ1848 ዓ.ም. ቢያቆምም፣ ለሚያዘጋጃቸው መጽሔቶች የገና ልዩ እትም እስከ 1867 ዓ.ም. ድረስ ሲያወጣ ኖሯል፤ በመጨረሻው ሰልችቶት ተወው። በ1870 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ሲሞትም አንድ ልብ ወለድ በእጁ ላይ ሳያልቅ ቀረ። ያረፈው ደራሲ የጻፈውና ያላረፈው ደራሲ የጻፈው በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ተለይተው መታየታቸው ለሃያሲ መልካም ነው፤ ለሰውየው ግን መልካም አልነበረም።

ለበጉ ነገር እንግዲህ ይህን ያህል ሊባል ይቻላል። አዘጋጆች ስለ አዲሱ ዓመት የሚወጣውን ግጥም በነሐሴ ከሚጠይቁ፣ ስለ መስከረም የተጻፈውን በጥቅምት ቢያወጡት ጋዜጣው የሚያጣው ነገር የለም። የመስከረም 1 ቀን ገጽ ባለፈው ዓመት በተጻፈ፣ ሰው አይቶና ቆይቶ በጻፈው ድርሰት ሊሸፈን ይችላል፤ ክፍያውም በዚያው በነሐሴ ሊሰጥ ይቻላል። ደራሲውም በበዓሉ ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር በሣር በተጐዘጐዘ ቤት ተቀምጦ፣ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥቶ፣ ጐረቤቱ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈው ሲነግረው ሳይቸኵል ሊሰማ ይችላል። የዚያ ጐረቤት ነገር በግጥሙ ውስጥ ይግባ ወይም አይግባ፣ በዚያ ሰዓት የሚታወቅ አይደለም።

የቍስቋም በዓል ካለፈ በኋላ፣ በየደብሩ ከበሮው ከተሰቀለበት ተሰቅሎ፣ መቋሚያው ከግድግዳው ተደግፎ፣ ማኅሌተ ጽጌም ወደ ማኅደሩ ይገባል። በሜዳው ላይ አደይ አበባ ደርቃ፣ ገበሬው ማጭዱን እየሳለ ነው። ካህናቱ ወደ ሌላው ዘመን ማኅሌት ይሸጋገራሉ፤ ያ መጽሐፍ ግን አበባው ዳግመኛ ሜዳውን እስኪሞላ፣ እስከሚመጣው መስከረም 26 ቀን ድረስ፣ ከ300 ቀን በላይ አይከፈትም።